በላይቭ መሃል የተሰማው አዛን

ኢንስፔክተር ላዳን በሀርጌሳ ከተማ 31 ሜይ ሰፈር ካለው ኮሌጅ ስትደርስ፣ የላይብረሪው ኃላፊ ኢዘዲን በጓሮው ሲሚንቶ ላይ በግንባሩ እንደተደፋ ነበር። አንድ ደግ ሰው ሽርጥ ጣል አድርጎበታል። ላዳን ጨርቁን ገለጥ አደረገችና «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች። ሌላው ሁሉ ሟቹን እያየ ሲያለቅስ እሷ እጆቹን ማየት ጀመረች። የቀኝ እጅጌው እስከ ክርኑ ተጠቅልሎ ርሷል። የግራው እጅጌ ቁልፉ እንደተቆለፈ ነው፤ ጠብታ ውሃ አልነካውም።

«ምስኪን፣ አዳልጦት ነው» አሉ የኮሌጁ ዲን ዶክተር አደን፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ታጥቦ ውዱእ የሚያደርገው ሁልጊዜ ጣሪያው ላይ ካለው ታንከር ነበር። የታችኛው ቧንቧ በተማሪ ይጨናነቃል ይላል። ስንት ጊዜ ተው አልኩት!»

ላዳን ደረጃውን ወጣች። ወፈር ያለች ሴት ናት፤ ደረጃ አትወድም፤ ግን ሰው የነገራትን ነገር በዓይኗ ሳታይ ማመን ደግሞ ከደረጃ የባሰ አትወድም። ጣሪያው ላይ የታንከሩ ቧንቧ ክፍት ነበር፤ ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል። ሀርጌሳ ውስጥ እኮ ውሃ በቦቴ እየተገዛ ነው የሚጠጣው! ቧንቧ ከፍቶ የሚሄድ ሰው ቢኖር እንኳ ኢዘዲን አይሆንም። አንዱ ነጠላ ጫማው ቧንቧው ሥር፣ ሌላው በቧንቧውና በጣሪያው ጫፍ መሃል ወድቋል። ታንከሩ ያለው ጣሪያው መሃል ነው፤ ከዚያ ያዳለጠው ሰው ቢበዛ ወገቡን ይመታል እንጂ ጓሮ አይወድቅም።

«ቀኙን አጥቦ ግራውን ሳይጀምር ጎትተውታል» አለች ለራሷ።

ከጓሮው አጥር ማዶ ሻይ የምትሸጠው ሴት አንድ ነገር ብቻ ነበር የምታውቀው፤ እሱን ግን በደንብ ታውቀዋለች። «ዱብ ሲል የሰማሁት አዛኑ መሃል ነው» አለች። «ሙአዚኑ "ሐይየ ዓለ ሶላህ" ሲል። ጆንያ የጣሉ መስሎኝ ነበር። ያ ረቢ፣ ሰው ነው ብዬ መች አሰብኩ!»

ላዳን ከዚያ ጎን ወዳለው መስጊድ ሄደች። አዛን የሚጣሩትን ሙአዚኑን ሼኽ መውሊድን አንገታቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ ከበሩ አጠገብ ሞቅ ያለ ውሃ እየጠጡ አገኘቻቸው። ድምጻቸው ከሹክሹክታ አያልፍም።

«ምን ነካዎት ሼኽ?»

«ጉሮሮዬ ልጄ። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ጥሎኝ ሄደ። እድሜ ነው እንግዲህ» አሉ እየቃተቱ። «ኢዘዲን ሁሌ አንደኛው ሶፍ፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ዛሬ ቦታው ባዶ ሲሆን አመመው ብለን ጠበቅነው። ዶክተር አደን እንኳ አጠገቤ ቆሞ ሁለት ጊዜ ወደ በሩ ዞሮ አይቷል።»

ይህን ጉዳይ ለላዳን የሰጧት ያለ ምክንያት አልነበረም። በሀርጌሳው ጦርነት ዘመን ወላጆቿ ይዘዋት ተሰደው ድሬዳዋ ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ስትናደድ ደግሞ «አቦ» ማለቷ አይቀርም። ላይብረሪው ውስጥ የሚሠሩት ኢዘዲን፣ አዚዛና ካሚል ሦስቱም ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው። ዲኑም ቢሆኑ የሀርጌሳ ሰው ሆነው አዲስ አበባ ነው የተማሩት።

አለቃዋ ግን ገና ማምሻውን ተጠርጣሪውን ይዞ ጨርሷል። «አዚዛ የምትባለው የንባብ ክፍል ሠራተኛ ናት» አላት። «ዙህር ላይ ከሟቹ ጋር ተጯጩኸዋል። በአማርኛ ስለነበር ምን እንዳሉ የተረዳ ተማሪ የለም። ዐስር ላይ ሰው ሁሉ መስጊድ ሲሄድ ሕንጻው ውስጥ የቀሩት እሷና ያ የቪዲዮው ልጅ ካሚል ናቸው። እሱን ደግሞ በዚያች ሰዓት ሺህ ሰው በስልኩ ላይቭ እያየው ነበር። ነገ ፀሐይ ገብታ መግሪብ ከመድረሱ በፊት ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ ወህኒ ትወርዳለች።»

አዚዛ በጣቢያው አግዳሚ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። የሀረር ልጅ ናት፤ ባሏ ሞቶባት፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ።

«እህቴ፣ ከኢዘዲን ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«አልነግርሽም።»

«አልነግርሽም ማለት እኮ ለእነዚህ ሰዎች ገደልኩት ማለት ነው።»

«ይበሉ። አላህ ያውቃል። ኢዘዲን ለእኔ ወንድሜ ነበር።»

«ልጅ አለሽ አሉኝ።»

የአዚዛ ፊት ያን ጊዜ ተበላሸ። «ሰልዋ» አለች። «ጎረቤት ጋ ናት። እኔ ካልዘፈንኩላት አትተኛም። ከሷ በቀር ማንም የለኝም፤ እሷም ከኔ በቀር ማንም የላትም።»

«ታዲያ ለልጅሽ ስትይ ተናገሪ አቦ! ማንን ነው የምትጠብቂው?»

«የያዝኩት የሰው አደራ፣ አማና ነው። ለልጄ ብዬ የሌላ እናት ልጅ አልሸጥም።»

ላዳን ሴትዮዋ ከዚህ በላይ እንደማትናገር ገባት፤ የተናገረችው ግን ትንሽ አልነበረም። ነገሩ የአዚዛ አይደለም፣ የአንዲት ሌላ ልጅ ምስጢር ነው። ያን ሌሊት ላዳን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ ዘፈን የምትጠብቀው ልጅ ከሐሳቧ አልወጣ ብላት።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተር አደን ቢሯቸው ተቀበሏት። ሐዘናቸው እውነት ነው፤ ግን ወሬው ወደ ላይብረሪው ፔጅ ሲዞር ፊታቸው በራ። ሰው ሞቶ ሳለ ስለ ተከታይ ብዛት ይወራል እንዴ! እሳቸው አወሩ።

«ተማሪው ላይብረሪ መኖሩንም አያውቅም ነበር» አሉ። «ካሚል ከመጣ ወዲህ በፌስቡክም በቲክቶክም በቴሌግራምም አለን። በየቀኑ ላይቭ ይገባል፤ መጽሐፍ እንዴት እንደሚፈለግ፣ የኦንላይን መጽሐፍ እንዴት በስልክ እንደሚወርድ ያሳያል። ተማሪው ጥያቄውን በኢንቦክስ ይልካል። ከሚጽፉልን ደግሞ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው! ወደ ላይብረሪ ለመምጣት ያፍሩ የነበሩት።»

«ኢንቦክሱን የሚከፍተው ማነው?»

«ካሚል ብቻ። ሰሞኑን ኢዘዲን ኢንቦክሱ ካልተዘጋ እያለ ያስቸግረኝ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቀው ጊዜ ስጠኝ ይላል። የድሮ ሰው ነው፣ ቴክኖሎጂ አስፈርቶት ነው ብዬ ተውኩት።»

«ትናንት ዙህር ላይ የት ነበሩ ዶክተር?»

«ሚኒስቴር፣ ስብሰባ ላይ። ከዚያ በቀጥታ መስጊድ ነው የመጣሁት።»

ላዳን ከቢሮው ወጥታ የሴቶቹን የንባብ ክፍል ከፈተች። ወንበሮቹ በሥርዓት ተደርድረዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ጣቷን ስታሳልፍ አቧራ ይዞ መጣ። አንድም ተማሪ የለችም። በኢንቦክስ የሚጎርፉት ሴቶች የት ገቡ? መልእክት ከጻፉ በኋላ ከላይብረሪው የሚሸሹት ምን አግኝቷቸው ነው?

ካሚል በትንሿ ስቱዲዮው ነበር፤ የላይብረሪው ስም የታተመበትን ሰማያዊ ቲሸርት ለብሶ፣ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቶ። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ቁመናው ያማረ፣ አንደበቱ ማር። ሀርጌሳ ውስጥ ታክሲ ላይ ሲሳፈር «ካሚል ላይብረሪ!» እያሉ ሰላም የሚሉት ዓይነት ሰው።

«ኢንስፔክተር፣ ወላሂ እስካሁን አላመንኩም» አለ። «እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ለሰው ስስቅ እሱ እዚያ ጓሮ… አስቡት እስቲ።»

«ላይቩን አሳየኝ።»

ከፈተላት። ካሚል በዚሁ ቲሸርት፣ በዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ፍለጋ ያስተምራል። ድንገት በተከፈተው መስኮት አዛን ገባ፤ ጎተት የሚል፣ መጨረሻው ላይ የሚንቀጠቀጥ የሽማግሌ ድምጽ። ካሚል ንግግሩን አቋረጠ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ አንገቱን ደፋ፤ አዛኑ እስኪያበቃ አልተናገረም። ከሥር ተማሪዎች «ማሻአላህ» እያሉ ልብ ደርድረዋል። አንዷ ግን «ካሚል ዛሬ ምነው ኮራህብን፣ ስማችንን አትጠራም?» ብላለች። ሌላዋም ደግማዋለች።

«የላይብረሪያችን ደንብ ነው» አለ ካሚል። «አዛን ሲገባ ሁሉም ነገር ይቆማል።»

«መልካም ደንብ ነው» አለች ላዳን። «ስማቸውን ለምን አልጠራህም?»

«ትናንት ራሴን ትንሽ አሞኝ ነበር። ኮሜንቱን ብዙም አላየሁም።»

ላዳን አመስግናው ወጣች። ሺህ ምስክር ያለውን ሰው ምን ትለዋለህ? ቀኑ ደግሞ እየሄደ ነው።

ጣቢያው በር ላይ አንዲት ተማሪ ሳንቡሳ በሣህን ይዛ ከዘበኛው ጋር ትከራከራለች፤ ለአዚዛ ካላስገባሁ ብላ። ላዳን ክንዷን ያዘቻትና ጥላ ሥር ወሰደቻት። ሳቢሪን ትባላለች፤ ጅግጅጋ ያደገች የሀርጌሳ ልጅ።

«አዚዛ ምንሽ ናት?»

«ማንም… የላይብረሪያችን ናት።»

«ለላይብረሪ ሠራተኛ ሳንቡሳ ጠብሶ የሚመጣ ተማሪ አይቼ አላውቅም። ስሚኝ የኔ እህት፣ አዚዛ ስምሽን አልጠራችም። ልጇን ትታ ወህኒ ልትወርድ ነው፤ አሁንም አልጠራችም። እኔም አልጠራም። ግን ካልነገርሽኝ ላድናት አልችልም።»

ልጅቷ ሣህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ነገሩን ዘረገፈችው። ኦንላይን መጽሐፍ ለማውረድ በኢንቦክስ ጠይቃ ነበር። አባልነት ለመክፈት ፎቶ ያስፈልጋል አላት ካሚል፤ በሂጃብ ስትልክ ሲስተሙ አልተቀበለውም፣ ፀጉር መታየት አለበት አላት። የኮሌጅ ፔጅ አይደል? አመነችውና ላከች። ከዚያ በኋላ ካሚል የሚልከው መልእክት ስለ መጽሐፍ አልነበረም። ብቻሽን ካልመጣሽ ፎቶውን ለአባትሽ ነው የምልከው ይላታል። እሷ ብቻም አይደለችም፤ ሌሎችም አሉ፤ ማንም ለማንም አይናገርም።

«ለአዚዛ ብቻ ነገርኳት፤ በአላህ አስምዬ» አለች ሳቢሪን። «እሷ ስሜን ሳትጠራ ለኢዘዲን ነገረችው። ትናንት ዙህር ላይ የተጣሉት እኮ በኔ ነው! ስሟን ካልነገርሽኝ ለዲኑ ምን እላለሁ ይላታል፤ እሷ ደግሞ ስሟ ከወጣ ልጅቷ ሞተች ትለዋለች። በመጨረሻ ያለ ስምም ቢሆን ነገ ጠዋት አስወጣዋለሁ አላት። ሲጮሁ እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ።»

«በአማርኛ ነው የጮሁት።»

«አዎ። ማንም አይሰማንም ብለው።»

ማንም አይሰማንም! ስደተኛ ሁሉ የሚሠራት ስህተት ናት። በባዕድ ከተማ የራስህን ቋንቋ ስትናገር በር የዘጋህ ይመስልሃል። በዚያ ሰዓት ሕንጻው ውስጥ ከሁለቱና ከሳቢሪን በቀር አማርኛ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ካሚል።

ምክንያቱ ተገኘ። ግን ምክንያት ብቻውን ምን ያደርጋል? ሺህ ምስክሩ እንዳለ ነው። ላዳን በንዴት ባጃጅ አስቆማ አንድ እግሯን እንዳስገባች ከኮሌጁ አጠገብ ካለው መስጊድ የዐስር አዛን ተሰማ። ጠንካራ፣ ፈጠን ያለ፣ የጎልማሳ ድምጽ። እግሯን እንዳንጠለጠለች ቀረች።

«እናትዬ፣ ትገቢያለሽ አትገቢም?» አለ ባለባጃጁ።

«አልገባም» አለች ላዳን። ወደ መስጊዱ የሄደችው በእግሯ፣ እየሮጠች ነው ማለት ይቻላል። ያቺ ሴት ስትሮጥ ያየ ሰው ግን እስከዚያን ቀን አልነበረም።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ሁሉም በትልቁ የንባብ ክፍል ተሰበሰቡ። አዚዛ በካቴና፣ ዓይኗ መሬት ላይ፤ ዶክተር አደን፤ ካሚል፤ ሼኽ መውሊድ ፎጣቸውን እንደጠቀለሉ፤ አጠገባቸው ሱቅ ያለው ጎረቤታቸው ዓብዲራሕማን፤ አለቃዋ ደግሞ በሩን ተደግፎ። ሻይ ሻጯም በመስኮት አንገቷን አስግጋለች።

«ኢዘዲን አላዳለጠውም» ብላ ጀመረች ላዳን። «ውዱእ ላይ ነበር። ቀኙን አጥቧል፣ ግራውን አልጀመረም፣ ቧንቧው ክፍት ነው። ከኋላው መጥቶ ሰው ጎተተው፤ ጫማው መንገድ ላይ ቀረ። የወደቀው ደግሞ አዛኑ መሃል ነው፤ ሻይ ሻጯ ሰምታለች።»

«ታዲያ ሕንጻው ውስጥ አዚዛ ብቻ ነበረች» አለ አለቃዋ።

«አዚዛና ካሚል።»

«እኔ ላይቭ ላይ ነበርኩ!» አለ ካሚል። «ሺህ ሰው…»

«አውቃለሁ። እንየው እስቲ።» ላዳን ቪዲዮውን በትልቁ ስክሪን አስከፈተች። የካሚል ፈገግታ፣ የካሚል ማብራሪያ፣ ከዚያ አዛኑ። ሼኽ መውሊድ ፎጣቸውን ከአንገታቸው ቀስ ብለው ፈቱ።

«ሼኽ፣ ይህ የሚጣራው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ በሹክሹክታ።

«ትናንት ዐስር ላይ ያዛነውስ?»

«እኔ ነኝ» አለ ዓብዲራሕማን። «የሼኹ ድምጽ ከዙህር በኋላ ስለጠፋ ተተካሁ። ከትናንት ዐስር ጀምሮ እኔ ነኝ።»

ዶክተር አደን ብድግ አሉ። «እውነት ነው፤ አጠገቡ ቆሜ ነበር! እንዴት አላሰብኩትም?»

«ይህ ቪዲዮ ሌላ ቀን የተቀዳ ነው» አለች ላዳን። «ካሚል በዐስር ሰዓት ለልምምድ ቀድቶ፣ አዛን ገብቶበት የተወው ይሆናል። ትናንት ዙህር ላይ ነገ ይባረራል ሲባል ሲሰማ ትዝ አለው። አዛን ያለበት ቪዲዮ! ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? አዛኑ ከዐስር ሰዓት እንዲገጥም አስተካክሎ ከኮምፒዩተሩ እንደ ላይቭ ለቀቀው፤ እሱ ጣሪያ ላይ ወጣ። ለዚህ ነው ተማሪዎቹ ስማችንን ጥራ ሲሉት ያልሰማቸው። ተመልካቹ በየሰፈሩ የየራሱን መስጊድ ስለሚሰማ ማንም ልብ አላለም።»

«የሌላ መስጊድ አዛን ይሆናል!» አለ ካሚል። ላቡ ቲሸርቱን አርሶታል። «ደግሞ ለምን ብዬ ነው የምገድለው? የሚከሰኝ ካለ ስሙን ጥሩልኝ! ጥሩልኝ እስቲ!»

አዚዛ ቀና አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምክንያቱን አለቃዬ ያውቃል፤ ስልክህም ተይዟል» አለች ላዳን። «ስም ግን እዚህ ክፍል ውስጥ አይጠራም። ዛሬም ነገም።» አዚዛ ትንፋሿን ለቀቀች። ላዳን ወደ ካሚል ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው ካሚል። ኢዘዲን የወደቀው አዛኑ መሃል ነው። አንተ ግን "አላሁ አክበር" ብሎ ሲጀምር ጣሪያው ላይ ነበርክ። የሼኹ ድምጽ እንዳልሆነ ሰምተሃል። ቪዲዮህ እንደተበላሸ አውቀሃል። ያን ጊዜ ኢዘዲን ገና ክንዱን እያጠበ ነበር። መመለስ ትችል ነበር።»

ካሚል ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ዞሮ አየኝ» አለ በመጨረሻ። «ምነው ካሚል፣ ውሃ ፈልገህ ነው? አለኝ። ቦታ ሊለቅልኝ ሲል…» ፊቱን ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሼኽ መውሊድ «አስተግፊሩላህ» እያሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ድምጻቸው ለሟቹ ሳይሆን ለገዳዩ ምስክር ሊሆን መቅረቡ አንገብግቧቸዋል።

ዓብዲራሕማን ለመግሪብ ሊጣራ ወጣ። ላዳን የአዚዛን ካቴና ራሷ ፈታችላት።

«ሂጂ» አለቻት። «ልጅሽ ዘፈን ትጠብቃለች።»

አዚዛ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ላዳንም አለቀሰች፤ ማንም ቢያይ ግድ አልነበራትም።

የላይብረሪው ፔጅ ብዙ ቀን ጸጥ ብሎ ሰነበተ። ዶክተር አደን ኢንቦክሱን አዘግተው፣ ከካሚል ስልክ የተያዙት ፎቶዎች በፖሊስ እስኪደመሰሱ እንቅልፍ አጡ፤ ኢዘዲን ጊዜ ስጠኝ ያላቸውን እያስታወሱ ራሳቸውን ይረግማሉ። ከዚያ አንድ ቀን አጭር ቪዲዮ ወጣ። ሙዚቃ የለውም፣ ፈገግታ የለውም፤ አዚዛ በዴስኳ ተቀምጣ በተሰባበረ ሶማልኛ ትናገራለች። «መጽሐፍ የምትፈልጊ እህቴ፣ ፎቶ አንፈልግም። ራስሽ ነይ። እኔ እዚህ አለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት የሴቶቹ ክፍል ሲከፈት በሩ ላይ የምትጠብቅ ተማሪ ነበረች። ሳቢሪን ናት። ከኋላዋ ሌሎች ሦስት ቆመዋል፤ አንዷ ሌላዋን አታውቃትም፣ ግን ሁሉም ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለዋል። አዚዛ ማንንም አልጠየቀችም። ጨርቅ አንስታ አቧራውን ከጠረጴዛው ጠረገችላቸው፤ ከዚያ ወንበር ሳበችላቸው።